ደም ያላፈሰሰ አንገት

ወንዱ የደጋ አጋዘን፣ ዲንሾ ከፓርኩ ግቢ ዝቅ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር ካለው ጥድ ሥር አንገቱ ታርዶ ሲገኝ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። ቢላዋው እዚያው ሣሩ ላይ ወድቋል። እጀታው ላይ «ሙህዲን» የሚል ስም ተቀርጿል።

ስሙን ጥሎ የሄደ ሰው ወዴት ይሸሻል?

አስጎብኚው ሙህዲን ከጠዋት ጀምሮ የድንኳን መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። መጋዘኑ አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው። በእሷ የሚታዩት ደግሞ፣ አይጣል ነው፣ አጋዘኖቹ ናቸው። ግቢው ውስጥ እንደ ባለርስት እየተንጎራደዱ ይግጣሉ። «ቀስ በሉ፣ እንዳይደነብሩ» እያለ ስንቱን እንግዳ አሳይቷቸዋል። አሁን እነሱ ውጭ፣ እሱ ውስጥ።

አጋዘን የገደለ ወህኒ ይወርዳል። ሚስቱ ሰቢሪና ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ተቃርባለች።

ቁልፉ ተንቋቋ። የወንጀል መርማሪዋ ሳጅን ለሊሴ ገባች።

«አካም ቡልቴ፣ ሙህዲን?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ከልማድ።

«ቢላዋው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ትናንት ማታ የት ነበር?»

ሙህዲን ያውቃል። ለእንግዶቹ ዳቦ ቆርጦበት አቤሴሎም መኪና ውስጥ ረስቶታል። አቤሴሎም ከአዲስ አበባ ቱሪስት የሚያመጣለት ሹፌር ነው። እሱ ከቀረ ሥራ የለም። ደግሞም ከቤቱ ገብቶ ከአንድ ገበታ የበላ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በምን አፉ ይጥራው?

«ጠፍቶብኝ ነበር።»

«ዋሸህ» አለች ለሊሴ ሳትቆጣ። «መጀመሪያ የጠረጠርኩት ገበሬውን ኦቦ ዋቆን ነው። ገብሴን ጨረሱት እያለ ሲዝትባቸው ነው የኖረው። ግን ሌሊቱን ገሰራ ከተማ ለቅሶ ላይ አድሯል። የቀረኸው አንተ ነህ።»

ሙህዲን አንገቱን ደፋ።

«ስታርድ ወዴት ታዞራለህ?»

«ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ነዋ።»

«ይሄ ወደ ሳነቴ ተራራ ነው የዞረው። ቂብላ ከጀርባው ነው። ደሙስ? ጥዱ ሥር አንዲት ጠብታ የለም።»

ሙህዲን ቀና አለ። «እንግዲያ ቀድሞ ሞቷል። ወላሂ፣ የሞተ ማን ያርዳል? ሀራም ነው።»

«ልክ ነህ። ለሥጋው የፈለገው አይደለም፤ የታረደ እንዲመስል የፈለገ ሰው ነው። ዳሌው ደቅቋል። እንዲያ የሚያደቀው መኪና ነው።» በሩን ከፈተችው። «ና ውጣ።»

የአቤሴሎም መኪና ግቢው መሀል እንደ ሙሽራ አምሮ ቆሟል። ሌሎቹ መኪኖች ጭቃ በጭቃ ናቸው።

«በዚህ ክረምት፣ ዛሬ ሳነቴ ሊወጣ ያለ ሰው መኪና ያጥባል?» አለች ለሊሴ። አጎንብሳ ከፊቱ መከላከያ ብረት ሥር እጇን ሰደደች። ስታወጣው ቡናማ ፀጉር ይዛለች።

አቤሴሎም ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከሮቤ ነዳጅ ቀድቼ ስመለስ ነው። ጭጋግ ነበር፤ ፈጥኜ ነበር። መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ። አዳኝ የገደለው እንዲመስል...»

«በኔ ቢላዋ?» አለ ሙህዲን። «ስሜን እያየኸው?»

አቤሴሎም መሬት መሬት አየ። «አንተ የአገሩ ልጅ ነህ። በአንተ አይጨክኑም፣ ይፈቱሃል ብዬ ነው።»

ሙህዲንን ከእስሩ ይልቅ ይህቺ ቃል አንገበገበችው።

አቤሴሎምን እዚያው መጋዘን አስገቡትና ቆለፉበት። ሙህዲን ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል መስኮቷ ጋ ቆም አለ።

«ለእንግዶቹ ምን እንበላቸው?» አለው አቤሴሎም ከውስጥ።

«እውነቱን እነግራቸዋለሁ» አለ ሙህዲን። «እኔ እንኳ ልደብቅህ ነበር። ቢላዋዬን መኪናህ ውስጥ እንደረሳሁት ለሳጅኗ አልነገርኳትም።»

ሙህዲን በአጋዘኖቹ መሀል ቀስ ብሎ አልፎ ወደ ሰቢሪና ሄደ።