የማይነካው እግር

በጥፊ ነው የተዋወቁት።

ጠዋት ነው፣ አውቶቡሱ ጢም ብሏል። አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ ሲንገዳገድ የጫማው ጫፍ ቀኝ እግሯን ነካ። መርገጥ እንኳ አይባልም፣ ነካ! እሷ ግን እሳት እንደረገጠች ጮኸችና በጥፊ አጮለችው።

«እህቴ፣ ምን በደልኩሽ?» አለ ጉንጩን ይዞ።

«እግሬን አትንካኝ!» ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀበት። ከዚያስ? አንድ ፌርማታ ላይ ወረዱ። አንድ መንገድ ያዙ። «እየተከተልከኝ ነው እንዴ?» ልትለው ስትል ቀድሟት እሷ የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ገባ። ለካ አዲሱ ጨርቅ ቆራጭ እሱ ነው!

«አለቀልኝ» አለች በሆዷ።

ስፌት ቤት ውስጥ «ልዕልት» ነው የሚሏት። ስለ ቁንጅናዋ እንዳይመስላችሁ፣ ለስድብ ነው። የስፌት መኪናውን ፔዳል ስትረግጥ እግሯ ከተረከዝ እስከ ጣት ይነድዳል። ማታ ማታ ብርድ ልብሱ ራሱ ይከብደዋል። ያላየው ሐኪም የለም፤ ሁሉም «ምንም የለብሽም» ብለው መለሷት። የመጨረሻው ወደ ነርቭ ስፔሻሊስት ጻፈላት፣ ወረፋው ግን ወራት ነው። እስከዚያ ማን ይመናት? እግሩ አላበጠ፣ አልቆሰለ! የሥራ ጓደኞቿ «ሥራ ሲበዛ ነው የሚያማት» ይላሉ። የገዛ እህቷ እንኳ «ድራማሽን አቁሚ» ብላታለች። ስለዚህ መናገር ተወች። ውሸታም ከምትባል ኩራተኛ መባልን መረጠች።

በማግስቱ ቆራጩ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ትናንት ጎዳሁሽ አይደል? ይቅርታ።»

«አንተ አይደለህም። እንዲሁ ነው የሚያመኝ» አለችና እስኪስቅ ጠበቀች።

አልሳቀም። «እንዴት ነው የሚያምሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም! ሁሉም «እውነት ያምሻል?» ነው የሚሏት።

«እንደሚነድ ነገር... ከዚያ ደግሞ መርፌ መርፌ... እብድ ናት አትበለኝ።»

«እብድስ አይደለሽም። ግን እጅሽ ከባድ ነው።»

ሳቋ አመለጣት። በቃ፣ ልቧም አብሮ አመለጠ።

ከዚያ በኋላ የቆረጠውን ጨርቅ ሁሉ ራሱ እያመጣ ያቀብላታል፣ በዚያው ያስቃታል። አንድ ቀን ጠዋት ግን ስትገባ... እሱ የእሷ መኪና ላይ ቁጭ ብሎ ፔዳሏን ይረግጣል!

«ተነስ! የኔ ቦታ ነው!»

«ልዕልት፣ አንዴ ስሚኝ...»

«አንተም እንደነሱ ነህ? ሥራዬን ቀማኸኝ?» አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ወረወረችበትና ቦርሳዋን አነሳች።

የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ በሩ ላይ ቆሙባት። «ወዴት ነው? ተመለሺ! ትናንት እግሬ ላይ ወድቆ ሲለምነኝ ዋለ። እኔ ልስፋ፣ እሷ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትቁረጥ አለ። ስፌት እችላለሁ ብሎ ሸወደኝ!»

የሰፋውን ሱሪ አንስተው ዘረጉት። አንዱ እግር ለአባት፣ ሌላው ለልጅ የተሰፋ ይመስላል! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያ በመቀሱ የተከበረው ልጅ ጆሮው ቀላ።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አለች ቀስ ብላ።

«እምቢ ትያለሽ ብዬ ነዋ። ያመኛል ካልሽ ያምሻል። ሐኪም እስኪመሰክርልሽ ለምን ትሰቃያለሽ?»

አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ መቀሱን አነሳች።

የነርቭ ስፔሻሊስቷ ቀጠሮ ደረሰ። እሱም አስፈቅዶ አብሯት ሄደ።

«ይቺም ምንም የለብሽም ብትለኝስ?» አለችው አግዳሚው ወንበር ላይ።

«ሌላ ሐኪም እንፈልጋለን።»

«ያኔም ታምነኛለህ?»

«ያኔም።»

ስፔሻሊስቷ ቁርጭምጭሚቷን ከውስጥ በኩል በጣቷ ጫፍ መታ መታ አደረገች። መብረቅ እስከ ጣቶቿ ወረደ! «ወይኔ እናቴ!» ከዚያ ነርቩን በመሣሪያ መረመረችና ቀና አለች።

«ወደ ውስጥ እግርሽ የሚወርደው ነርቭ እዚህ ጋ ተጨምቋል። ይታከማል፣ አይዞሽ። መድኃኒቱ ካልበቃ ትንሽ ቀዶ ጥገና አለው። በዚህ እግር ነው ፔዳል ስትረግጪ የኖርሽው?»

«እና... የእውነት ያመኛል ማለት ነው?»

«በጣም እንጂ!»

በሩን በርግዳ ወጣች። «በሽታ አለብኝ!» ብላ ጮኸች። «እውነተኛ በሽታ! ሐኪም የመሰከረለት!»

«እንኳን ደስ አለሽ!» ብሎ ዘለለ።

ወረፋ የያዙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ምን ዓይነት ጉዶች ናቸው?

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አለ መሬት መሬት እያየ። «ግን እስክትድኚ ልጠብቅ ብዬ...»

«ምን ያስጠብቅሃል? የታመመው እግሬ ነው፣ ጆሮዬ ደህና ነው!»

«ታገቢኛለሽ?»

ከኋላቸው አንዲት እናት በምርኩዛቸው መሬቱን ደበደቡ። «ልጄ፣ እሺ በይውና በሩን ልቀቁልኝ! ተራዬ ነው!»

«እሺ! እሺ! እሺ!»

ክንዱን ያዘች። ያን ረጅም ኮሪደር፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ፣ እንደ ልቧ እያነከሰች ወጣች።