የተዛነፈው መስመር

የካርታ ባለሙያዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ፍቅር ይጀመራል ብሎ የሚጠረጥር ሰው የለም። ግማሹ ተሰብሳቢ ስክሪን ላይ አፍጥጦ፣ ግማሹ እያንቀላፋ ነው የሚውለው። እሷ ግን የባለሙያዎቹን የዜና መጽሔት ስለምታዘጋጅ ማንቀላፋት አልተፈቀደላትም። የማን ካርታ ተመረቀ፣ ቀጣዩ ሥልጠና የት ነው፣ ማን ተሸለመ እያለች ስትለቃቅም ነው፣ አንድ ሰው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካርታ ተጣሟል ብሎ ከተናጋሪው ጀርባ ሄዶ ሲያቃና ያየችው።

ባልደረቦቹ «ውሃ ልክ» ይሉታል፤ ግንበኛ እንኳ እንደሱ አይጨነቅም። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ ሳቀችበት። እሱም አፍሮ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ዜና ልትጠይቀው እየደወለች ዜናውን ረስታ ትዘጋለች። አበባ ይዞላት መጥቶ አያውቅም። ወደማታውቀው ሰፈር ስትሄድ ግን መንገዱን በእርሳስ ይሥልላታል፤ የካርታ መጽሔት እያዘጋጀች መንገድ የሚጠፋት እሷ ብቻ ናት እያለ ያሾፍባታል። በዚያች የእርሳስ መስመር የተነሣ ወደደችው።

ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። «እሱ ሲለካ ሲቆርጥ ታረጃላችሁ፤ ቀኑን አንቺ ቁረጪ» አለቻት። ሠርጉ ከክረምቱ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ።

እህትየው ወንዝ ዳር ተከራይታ ነበር የምትኖረው። ጎርፍ የሚያሰጋቸውን ሰፈሮች የሚያሳየውን ካርታ ሠርቶ ሲጨርስ፣ ካርታው ደህና ነው ወዳለው ቤት ራሱ ዕቃዋን ተሸክሞ አዛወራት። ክረምቱ እንደገባ ጎርፉ ጎህ ሲቀድ መጣ። እህቱ ከዚያ ቤት በሕይወት አልወጣችም።

ከቀብሩ በኋላ «ወንዙ ከልኩ አለፈ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። ሰዉም የተፈጥሮን ነገር ማን ያውቃል እያለ አጽናናው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የካርታ ባለሙያዎቹ ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ፤ እሷም ስለ ጎርፉ ልዩ እትም እንድታወጣ ታዘዘች።

ለእትሙ ብላ ከሳተላይት የተነሣውን የጎርፉን ፎቶ በእሱ ካርታ ላይ ደረበችው። ወንዙ ከልኩ አላለፈም። ውሃው የቆመው እሱ ይቆማል ባለበት ቦታ ነው፤ ካርታው ላይ ቦታቸውን የሳቱት ቤቶቹ ናቸው።

ካርታ የሚሠራ ሁሉ ልኬቱን ከአንድ መነሻ ይጀምራል። ወንዙ የተለካው በአዲሱ መነሻ ነው፤ ቤቶቹ ግን ከዓመታት በፊት በድሮው ተለክተው የተቀመጡ ናቸው። ሁለቱን ሳያስታርቁ ቢደርቧቸው ኮምፒውተሩ ጭጭ ይላል፤ ቤቶቹ ግን ከወንዙ ሸሽተው ይታያሉ።

ዝም እንዳትል፣ ማዘጋጃ ቤቱ በዚያው ካርታ ብዙ ቤተሰብ ሊያሰፍር ተዘጋጅቷል። እንዳትናገር፣ እህቱን ወደ ሞት የወሰዳት እሱ ራሱ መሆኑን ሊያውቅ ነው። በመጽሔት ላይ እንዲያነበው ግን አንጀቷ አልቻለም፤ ቤቱ ሄደች። ለችግረኛ የሚሰጥ የእህቱን ልብስ እያጣጠፈ ነበር።

«ወንዙ ከልኩ አላለፈም» አለችውና ኮምፒውተሩን ከፈተችለት።

ማስረዳት አላስፈለጋትም። የእህቱን ቤት በጣቱ ፈለገ።

«ቤቶቹን በድሮው መነሻ ትቻቸዋለሁ» አለ።

«ሌሎችም አይተው አጽድቀውታል። እኔም አድንቄ ጽፌዋለሁ።»

«ዕቃዋን የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ።»

ልታቅፈው ስትል እጇን ቀስ ብሎ አወረደው።

«ጻፊው። ስሜንም እንዳትደብቂ። የተሳሳተው የማን ካርታ እንደሆነ ካላወቁ ሰዉን ያሰፍሩበታል።»

«እኛስ?»

ወደ ልብሱ ተመለሰ። ያጣጠፈውን ፈትቶ እንደገና አጠፈው።

ጻፈችው። ሰፈራው ቆመ። ትናንት ያጨበጨቡለት ሁሉ አጀማመሩም አላማረኝም ነበር ማለት ያዙ፤ እሷን ደግሞ ጎበዝ አሏት፤ ጎበዝ የሚለውን ቃል ያን ሰሞን ጠላችው። እሱ ካርታውን አርሞ አስረከበና ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ሠርጋቸው ሊሆን በነበረበት ቀን ሥራ ገብታ ዋለች።

በቀጣዩ ክረምት ስልኳ ጮኸ፤ እሱ ነበር።

«ውሃው ደርሷል» አለ ሰላምታ ሳያስቀድም። «በሳተላይት አየሁት፤ ቤተሰቦቹን ሊያሰፍሩበት የነበረው ቦታ በሙሉ ሰጥሟል። ሰው ግን የለበትም።»

እንባዋ መጣ። «ልምጣ?» አለችው።

ትንፋሹ ይሰማታል።

«የእትዬም ቤት ባዶ ቢሆን ኖሮ ነይ እልሽ ነበር።»

እንደሚወዳት ከድምፁ ታውቃለች፤ እሷም ከእሱ ሌላ ወድዳ አታውቅም። ይህ ግን ምንም የሚያደርግላቸው ነገር አልነበረም። ስልኩን ቀድሞ መዝጋት ሁለቱም አቃታቸው፤ ባትሪዋ አልቆ እስኪጠፋ ድረስ እሱ ባለበት የሚዘንበውን ዝናብ ስታዳምጥ ቆየች።