የታጠበው ቋጠሮ

ኢንዲ እርጥቡን ሱሪ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎትታ አወጣችና ኪሱን ስትዳብስ ቀይ ነገር እጇ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ያረጀ ማስቲካ መሰላት። ወደ ብርሃን አስጠግታ ስታየው ግን ለየችው። የሱፍ ክሯ ነበር።

«እማ፣ ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ምን ይሆናል?»

«ተመልሶ በግ አይሆንም» አለች እናቷ ሊንዳል ከኩሽና ዱባ እየላጠች። «ይኮማተራል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ያ አዲሱ ሹራብሽ ነው እንዳትዪኝ ብቻ።»

«እሱ አይደለም» አለች ኢንዲ። ውሸት አልነበረም።

ሊንዳልና ጓደኞቿ ራሳቸውን ጠንቋይ ብለው ነው የሚጠሩት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራቸው በአብዛኛው ሾርባ መሥራትና ወቅት ሲለወጥ እሳት ዙሪያ መሰብሰብ ነው። የማኅበሩ ትልቅ ሰው ሜርል ናቸው፤ ድሮ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ከበጎቻቸው ሱፍ የፈተሉትን ክር ለእያንዳንዱ ሰው ያድላሉ። ልቡ ላይ የተቀመጠ ነገር ያለው ሰው ክሩን ይቋጥራል። የኤፕሪል የመጨረሻ ቀን፣ ፖሙ ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ሁሉም ሜርል ግቢ እሳት ዳር ተቀምጦ ቋጠሮውን ይፈታል፤ የተፈታው ክር እሳት ውስጥ ይገባል። መቀስም ሆነ ቢላ አይነካውም። በጣም እምቢ ካለ ሌላ ሰው ማገዝ ይችላል፤ የሚያግዘው ሰው ግን ቋጠሮው ስለምን እንደሆነ ማወቅ አለበት።

የኤፕሪል የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዛሬ ነው።

ኢንዲ ዘንድሮ የቋጠረችው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በሳስኪያ ምክንያት ነው። ሁለቱ ዳዴ ከሚሉበት ጊዜ ጀምሮ በዚያ እሳት ዳር አብረው አድገዋል። ባለፈው ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ ግን ኮቢ የሚባል የክፍላቸው ልጅ «የኢንዲ እናት ጠንቋይ ናት አሉ፣ የምር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ወደነሱ ዞረ። ሳስኪያ ሳንድዊቿን እያየች፣ «እኔ እንጃ። እኛ ከነሱ እንቁላል ብቻ ነው የምንገዛው» አለች። የገዛ እናቷ የዚያው ማኅበር አባል ሆና! በማግስቱ ኢንዲ ትምህርት ቤት ውስጥ ደብተሯን የምታስቀምጥበት ሎከር ላይ መጥረጊያ ተደግፎ አገኘች። «ለበረራ ዝግጁ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ጠንቋይ መጥረጊያ ላይ ተቀምጣ ትበራለች የሚለውን ተረት ይዘው ነው። ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። ልጇ በሷ የተነሳ መሳቂያ እንደሆነች ብትሰማ እናቷ እንዴት እንደምታዝን ታውቃለች። ክሩን አውጥታ በጥርሷ ስባ ቋጠረችው።

ስልኳ ውስጥ ደግሞ አንድ ፎቶ አለ። የዛሬ ዓመት የተነሳ ነው፤ ሳስኪያ ራሷ ላይ የቅጠል አክሊል ደፍታ፣ ግንባሯን አመድ ተቀብታ፣ የሜርልን ሙክት አንገቱን አቅፋ አፏን በሰፊው ከፍታ ትዘፍናለች። ኢንዲ ነገ ጠዋት ለክፍሉ ግሩፕ ልትልከው ቆርጣለች። እንቁላል ስትገዢ ነው እንዲህ የምትሆኚው ብላ ልትጽፍበትም አስባለች።

ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ስትገባ እሳቱ ተያያዘ። ልጆች ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ግንድ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ እዚያው ላይ ተቀመጡ፤ አንዷ ከወዲህ ጫፍ፣ አንዷ ከወዲያ።

«በሉ እጃችሁን አሙቁ» አሉ ሜርል። «የቀዘቀዘ ጣት አይፈታም። ደግሞ ቀኑን ስላልሳታችሁ አመሰግናለሁ። አንዳንድ ሰው ከእንግሊዝ ያስመጣውን መጽሐፍ አምኖ፣ እነሱ ጋ ቅጠል ሲረግፍ እኛ ጋ ፖሙ አበባ እያወጣ፣ በኦክቶበር ልፍታ ብሎ መጥቶ ነበር።»

«አንዴ ተሳስቼ ዕድሜ ልኬን ይተርቡኛል» አለች የሳስኪያ እናት። ሰዉ ሳቀ።

እየተራ ፈቱ። ሊንዳል የሷን ፈትታ «ወንድሜ» ብቻ አለችና እሳቱ ውስጥ ጣለችው። ሳስኪያም የሷን ፈትታ ፈጥና እሳቱ ላይ ወረወረችው። ኢንዲ ጋ ሲደርስ ቋጠሮው እንደ ደረቅ ባቄላ ጠጥሮ ቁጭ አለ። በጥፍሯ ቆፈረችው፣ በጥርሷ ሞከረችው፤ ወይ ፍንክች።

ሊንዳል ጎንበስ ብላ አየችው። «ማሽን ውስጥ ገባ እንዴ? አይ አንቺ ልጅ» ብላ ሳቋን አፈነች። «ነይ እኔ ልሞክር። ስለምንድን ነው ግን? ሳትነግሪኝ መንካት አልችልም።»

ኢንዲ እናቷን አየቻት። ጉንጯ በእሳቱ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ላይ ቅጠል ተሰክቷል፣ ደስ ብሏታል። በጣም ወደደቻት። «ለሌላ ሰው ነው የምነግረው» አለች።

«ሳይፈታ ቢያድርም ማንም አይቆጣሽም፣ የኔ ቆንጆ» አሉ ሜርል። «ይዘሽው ለከርሞ ትመጫለሽ። ብቻ ቂም ኪስ ይቀድዳል። አሁን ወደ ሾርባው።»

ሰዉ እየተንጫጫ ወደ ቤት ገባ። ግንዱ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ስለኔ ነው አይደል?» አለች ሳስኪያ።

«ምኑ?»

«ቋጠሮው።»

ኢንዲ ስልኳን አወጣችና ፎቶውን አሳየቻት። «ነገ ለክፍሉ ልልከው ነበር።»

ሳስኪያ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋችው። «አፌን ግን ምን ሆኜ ነው እንደዚህ የከፈትኩት?»

«እየዘፈንሽ ነበር።»

«በጉ ራሱ አፍሮብኛል።» ፈገግ ልትል ሞከረችና ተወችው። «ላኪው። ሥራዬ ነው።»

«ለምንድን ነው እንደዛ ያልሽው?»

«ፈራኋ። ሁሉም ወደኛ ሲዞሩ አፌ ቀደመኝ። መጥረጊያውን ሳይ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ልነግርሽ ስመጣ ደግሞ አንቺ ዞር ብለሽም አታዪኝም።»

«እኔ እኮ ብቻዬን ነው መጥረጊያውን ይዤ ኮሪደሩን የተሻገርኩት» አለች ኢንዲ። «ከጎኔ ብትሆኚ ኖሮ እኮ ሁለታችንም ነበርን የምንስቅበት።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ፣ ኢንዲ። የምሬን ነው።»

ንዴቱ ገና ከሆዷ አልወጣም። ግን ሳስኪያ በጣም ናፍቃታለች፤ አውቶቡስ ውስጥ ባዶው ወንበር እንኳ አስጠልቷት ነበር። ስልኩን ወደ ራሷ መለሰችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። የሳስኪያ ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ሳስኪያ አውጥታ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። «ላክሽው?»

«ላንቺ ብቻ።» ኢንዲ ስልኳን ወደ እሷ አዞረችና እያየቻት ፎቶውን አጠፋችው። «አሁን ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው። ምን እንደምታደርጊው አንቺ ታውቂያለሽ።»

ሳስኪያ ስልኩ ላይ አቀርቅራ ቀረች። ግንዱ ላይ ጫማዋን አንዴ፣ ሁለቴ መታ መታ አደረገች። ከዚያ ስልኩን ኪሷ ከተተችና አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ለኮቢ ሙክቱን ባሳየው አያስቀምጠኝም» አለች።

«አያስቀምጠንም» አለች ኢንዲ።

ኢንዲ ቀዩን ክር ከመዳፏ ላይ አንስታ ዘረጋችላት። «ስለምን እንደሆነ ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። ጥፍርሽም ረጅም ነው።»

ሳስኪያ ቋጠሮውን አገላብጣ አየችው። «በፈጠረሽ፣ በምን ጉልበትሽ ነው የቋጠርሽው?»

«በጥርሴ።»

«ፒን እንደ መቀስ ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም መሰለኝ።»

ሳስኪያ ከፀጉሯ ፒን ነቅላ ቋጠሮው ጥግ ሰካችው። ከቤት ውስጥ የሜርል ድምፅ መጣ፤ «እናንተ ልጆች፣ ሾርባው ቀዘቀዘ!»

«መጣን» አሉ ሁለቱም አንድ ላይ። አንዳቸውም አልተነሱም። ከሱፉ አንዲት ቀጭን ዘለላ ብቻ ተላቅቃ ቀና አለች።

«ጠጋ በይ» አለች ኢንዲ፣ «ከዚያ ሆነሽ አይታይሽም።»