ኮምፒውተሩ ያላወጣው ተራ

ሉሊት ስክሪኑ ላይ ዋናውን ቦይ ዘጋችና ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳችው። የውሃ ተራው እንደ ቅድሙ ወጣ። ጠብታ ውሃ በማይገባበት መስኖ ሁሉም ገበሬ በየተራው ያጠጣል ይላል።

«አያንቱ፣ ይሄን ተራ አንቺ ነሽ በእጅሽ የጻፍሽው?»

አያንቱ አጠገቧ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ነበር። የአዳማ ሙቀት የኮምፒውተር ክፍሉን አፍኖታል። ቀና ሳትል «ላሽ በይው ባክሽ» አለች። «ነገ ኤግዚቢሽኑ ላይ ቦይ ዝጊ የሚልሽ የለም።»

እውነቷን ነው፤ ሉሊትን ያናደዳትም ይሄው ነው። በትምህርት ቤታቸው ዳኞቹ የሚብለጨለጭ ነገር ካዩ አጨብጭበው ያልፋሉ። እንዴት ሠራችሁት ብሎ የጠየቀ ዳኛ እስካሁን አልገጠማቸውም። ሰርተፊኬት የሚታደለው ለቀለም ነው፤ ለሥራ አይደለም።

ይህ ፕሮግራም ግን ለኤግዚቢሽን ብቻ አልነበረም። የአያንቱ አባት ኦቦ ደገፋ፣ ዓለም ጤና በምትባለው ከተማ አጠገብ የሽንኩርት ገበሬዎች መስኖ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ሁለት ነገር ጠይቀዋቸዋል። አንደኛው ቦዮቹ ቢበዛ ምን ያህል ውሃ ያሳልፋሉ የሚል ነው። እሱን ሉሊት ሠርታዋለች፤ ሌላው ቦይ የቱንም ያህል ቢሰፋ ጠባቧ ቦይ ከምታሳልፈው በላይ ውሃ እንደማይደርስ ፕሮግራሟ በትክክል ያሳያል። ሁለተኛው፣ የማንም ሽንኩርት ሳይደርቅ ማን ከማን ቀድሞ ያጠጣ የሚለው፣ የአያንቱ ድርሻ ነበር። የእሷ ፕሮግራም ሊሆን የሚችለውን ቅደም ተከተል ሁሉ እየሞከረ ይፈትሻል። ለጥቂት ማሳ ወዲያው መለሰ። አንድ ማሳ በተጨመረ ቁጥር ግን ሙከራው እየተባዛ ሄደ፤ ማሳዎቹ በሙሉ ሲገቡ ኮምፒውተሩ ሲያጉረመርም ከርሞ መልስ አልሰጠም። ቲቸር ዘገዬ «ዕድሜያችሁን ሙሉ ብትጠብቁት አይጨርስም» ብለዋቸው ነበር። ሰኞ ዕለት አያንቱ «ሠራ» አለች። ሉሊት ደክሟት ስለነበር አመነቻት።

«አባዬ እኮ ለሰዉ ሁሉ ነግሯል» አለች አያንቱ። «ኮምፒውተር አያዳላም ብሎ ዘንድሮ ተራ የሚወጣበትን ዕጣ አስቀርቷል። አቃተኝ ልበለው?»

«አንቺስ አላዳላሽም?»

«ለአባቷ አደላች እንዳይሉኝ እሱን መጨረሻ አደረግኩት።»

ሉሊት ስክሪኑን አየች። ከኦቦ ደገፋ በፊት፣ ከመጨረሻ ሁለተኛዋ ሑስና የምትባል ገበሬ ናት። የየማሳውን አፈር ያስገባችው ሉሊት ስለሆነች የሑስና መሬት ውሃ የማይቋጥር አሸዋ መሆኑን ታውቃለች። ተራዋ እስኪደርስ ሽንኩርቷ አይቆይላትም።

የአያንቱ ስልክ ጠራ። ኦቦ ደገፋ ሽንኩርታቸውን ገበያ አራግፈው ወደ ዓለም ጤና ሊመለሱ ነው፤ ስሌቱና ተራው የታተመበትን ወረቀት ሊወስዱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ማጠጣቱ ነገ ጠዋት ይጀመራል።

ሉሊት የቦዮቹን ስሌት ብቻ አትማ ወረደች። አያንቱ እግሯን እየጎተተች ተከተለቻት።

ኦቦ ደገፋ ወረቀቱን ገለበጡት። «ተራውስ የታለ?»

ሉሊት አያንቱን ጠበቀቻት። አያንቱ ከኋላዋ ተሸሸገች።

«ተራውን ኮምፒውተሩ አላወጣውም ኦቦ» አለች ሉሊት። «አቅቶናል። ቀደም ብለን ልንነግርዎ ይገባ ነበር።»

ኦቦ ደገፋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሠራ ብለሽኝ አልነበር?»

«ዋሽቼ ነው አባዬ።»

ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ጠዋት ቦይ ዳር ለሚሰበሰበው ሰው ምን እንደሚሉ ግራ እንደገባቸው ተናገሩ፤ ኮምፒውተሩን አምናችሁ ተቀበሉ ብለው ሁሉንም ያሳመኑት እሳቸው ናቸው። ከዚያ አያንቱን መኪናው ውስጥ ግቢ አሏት። ሽንኩርቱን ያመጡበት አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ገብታ መስኮቱን ተደገፈች።

ሉሊት እናቷ ጋ ደውላ አስፈቀደች። ለማኅበሩ የማስረዳው እኔ ነኝ ብላ ለኦቦ ደገፋ ነገረቻቸውና የጋቢናውን በር ከፈተች።

«ኤግዚቢሽኑስ?» አለች አያንቱ።

«ጠጋ በይልኝ» አለቻት ሉሊት።