ባዶ እጅሽን ነይ

ቪክቶሪያ ከምትባል መንደር በላይ፣ ሚኒባስ ትንፋሹ አጥሮት በሚወጣው ዳገት አናት ላይ፣ በአራት የድንጋይ እግር የቆመች ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ነበረች። ቤቷ የክላሪስ ናት። በግሬናዳ ደሴት ሰሜን ክላሪስን የማያውቅ አልነበረም። ሀብታም ሆና አይደለም፤ ሰላም ሳትለው ያለፈችው ሰው ስለሌለ ነው። እኛ ዘንድ ሰውን እያዩ «ደህና አደሩ» ሳይሉ ማለፍ ከስርቆት ይከፋል። ሌባስ ርቦት ይሆናል ይባልለታል። ሰላምታ የነፈገ ሰው ግን ምን አጥቶ ነው ይባላል?

ባሏን ሴልዊንን ባሕር ከወሰደው ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ለዓሣ እንደወጣ ቀረ፤ ጀልባዋ ብቻ ተመለሰች። ያኔ አንዲት ልጃቸው ዳኔት ገና አፏን ያልፈታች ሕፃን ነበረች። ከአባቷ የወረሰችው ነገር ቢኖር ከቀኝ ጆሮዋ ፊት ያለች፣ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። ክላሪስ ልጇን ስታስተኛ ያችን ቀዳዳ በጣቷ እየዳበሰች ታለቅስ ነበር። የዳኔት እትብት ከጓሮ ተቀብሮ በላዩ ፍሬው በእሳት ተጠብሶ የሚበላ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ተተክሎበታል። «እትብቴ የተቀበረበት» ማለት በእኛ አገር ለአፍ ማሳመሪያ አይደለም፤ ዛፉን በጣት ያሳዩሃል። ዛፉ የልጁ ነው፤ የየዓመቱ የመጀመሪያ ፍሬም የእሱ ነው። ዳኔት ለንደን ከገባች በኋላ ክላሪስ በየዓመቱ ያን የመጀመሪያ ፍሬ ታወርድና ሳትበላው፣ ለማንም ሳትሰጠው፣ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ እስኪበሰብስ ታየው ነበር።

ለንደን የተላከችው በምን ሆነና! ሴልዊን ትቶት የሄደው የገውዝ ቅመም ማሳ ተሽጦ ነው። ልጅቷም መጀመሪያ ላይ አላሳፈረችም። በየገናው አንድ ትልቅ በርሜል በመርከብ ይመጣል፤ ሩዙ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ጫማው... በርሜሉ ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ ከበሩ ይቆማል፤ ማንም ባዶ እጁን አይመለስም። «ምን ትሠራለች?» ሲሏት ክላሪስ አገጯን ቀና አድርጋ «ቢሮ ነው የምትሠራው» ትላለች። እውነቷን ነው። ዳኔት ቢሮ ነበር የምትሠራው፤ ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ወለሉን ትወለውላለች። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ታሊያ ተወለደች፣ ኑሮም ከበደ። በርሜሉ በሁለት ዓመት አንዴ ሆነ፤ ቀጥሎም ጭራሽ ቀረ።

የክላሪስ ስኳር ዓይኗን መብላት የጀመረው ይኼኔ ነው። ከተማ ያለው ሐኪም ደጋግሞ አየና አንገቱን ደፋ። «እናቴ፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዘንድሮ ይዩት» አላት። ክላሪስ ምን ማየት ትፈልጋለች? ባሕሩን ጠግባዋለች፤ ሰማዩንም ታውቀዋለች። የልጅ ልጇን ግን ከፎቶ በቀር አይታት አታውቅም! የዚያኑ ዕለት ስልክ ደወለች።

«ዳኔቴ፣ ዓይኔ እየመሸበት ነው። ታሊያን አንዴ ብቻ አሳዪኝ።»

«በሚቀጥለው ዓመት ማሚ። አሁን ትኬቱ እሳት ነው።»

«እሺ ልጄ። ሲመቻችሁ።»

ይህች «ሲመቻችሁ» የእናት ቃል ናት። ስንቱ ልጅ በዚህች ቃል ተኝቶ ቀርቷል!

ያ ክረምት በለንደን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። የዳኔት ባል ሊሮይ ከጃማይካውያን የተወለደች እናት ለንደን ውስጥ ያሳደገችው፣ ቅን ሰው ነው። አንድ እሑድ ከማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ የጉዞ ማስታወቂያ ዘርግቶ እንደ ሕፃን ፈነደቀ።

«ሚስቴ፣ ዐሥር ቀን ባሕር ዳር! የዝናብ ወቅት ስለሆነ ነው የረከሰው። ቤቱ ምድጃ አለው፣ ራሳችን እናበስላለን። ታክሲ የሚባል ነገር የለም፣ በሚኒባስ ነው። የት እንደሆነ ግን ገምቺ!»

«የት?»

«ያንቺው ደሴት ነዋ! ከሁሉም የረከሰው እሱ ነው። እንዲያውም ማደሪያስ ለምን እንከፍላለን? እናትሽ ጋ...»

ዳኔት እስክሪብቶና ወረቀት አነሳች። ባሏ የጉዞ ዕቅድ የምትጽፍ መሰለው። እሷ ግን የምትጽፈው ስም ነበር። ለአክስቷ ልጅ ለኬርቪን ጫማ፤ ለኢንዲራ ስልክ፤ «አክስቴ» ለማለት ታንቲ ለምትላት ለጎረቤቷ ለታንቲ ዩላ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣ፤ ለመዘምራኑ፣ ለአዋላጇ፣ ለጎረቤት ልጆች... ወረቀቱ ሞላና ገለበጠችው። ከለንደን የመጣ ሰው ባዶ እጁን ዳገቱን ሲወጣ በዓይነ ሕሊናዋ ታያት፤ ያ ሰው ደግሞ እሷ ነበረች።

«አየህ? ዕረፍቱን እንችለዋለን። ቤቴን ግን አንችለውም።»

«እና ምን ይሁን?»

«እንሂድ፤ ግን ደቡብ እንቀመጥ። ለማንም አንነግርም።»

«ለእናትሽም?» ሊሮይ ደነገጠ። «ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነውሩ ባዶ እጅ መሄድ ነው። አንተ የለንደን ልጅ ነህ፤ አይገባህም።»

አይ ዳኔት! አንዲት እናት በርሜል ታቅፋ የምትተኛ መሰለሽ?

በሐምሌ መጨረሻ መጡ። በደቡብ፣ ግራንድ አንስ በሚባለው ባሕር ዳር አጠገብ፣ አጥሩ ላይ ዔሊ የተቀረጸበት ቢጫ የእንግዳ ቤት ገቡ። ዳኔት ትልቅ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ የገዛ አገሯን አየር እንደ ሌባ ተነፈሰችው። ታሊያንም አስጠናቻት፦ «ማንም ቢጠይቅሽ ቱሪስቶች ነን በይ፣ እሺ?» ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጨዋታ መሰላት።

በአራተኛው ቀን ሊሮይ ርካሽ ዓሣና ፍራፍሬ ፍለጋ ከተማ ገበያ ወሰዳቸው። በዚያው ቀን ክላሪስ ለሐኪም ቀጠሮዋ ከተማ ወርዳ ነበር። ያመጣቻት ጎረቤቷ ታንቲ ዩላ መድኃኒቱን ልታወጣ ስትሄድ፣ ከገበያው ጥላ ሥር ባለ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት። ዳኔትና ሊሮይ በዓሣ ዋጋ ሲከራከሩ ታሊያ ከእጃቸው አምልጣ መጥታ ከአሮጊቷ አጠገብ ዘፍ አለች።

«ደህና ዋልሽ፣ ልጄ» አለች ክላሪስ። ጥላዋን እንጂ መልኳን አታይም።

«ሄሎ።»

«ሄሎ አይባልም፣ ደህና ዋሉ ነው የሚባለው። የማን ልጅ ነሽ?»

«እኛ ቱሪስቶች ነን።»

ክላሪስ ሳቀች። «ቱሪስት እናት የለውም እንዴ? በይ እንኪ» ብላ ከቦርሳዋ በስኳር የተድቦለቦለ የሮቃ ፍሬ ከረሜላ አወጣችላት። ከረሜላ አፍ ይከፍታል፤ ልጅቷ ስለ ቢጫው ቤት፣ አጥሩ ላይ ስላለው ዔሊ፣ ቅዳሜ ማታ በአውሮፕላን ስለመመለሳቸው ለፈለፈች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሚስጥር ልንገርሽ? ማሚዬ እዚህ አገር ዛፍ አላት። እምብርቷ ሥሩ ነው ያለው» አለቻት።

ክላሪስ የልጅቷን ፊት በሁለት መዳፏ ያዘች፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ከቀኝ ጆሮዋ ፊት... አገኘቻት! ሴልዊንን ባሕር ቢወስደውም ያችን የመርፌ ቀዳዳ አልወሰዳትም!

ዳኔት ከዓሣው መደብር ዞር ስትል ይህን አየች። እናቷ ከስታለች፤ ጸጉሯ ነጥቷል፤ ዓይኖቿ ላይ ደመና አርፎባቸዋል። እየሮጠች መጣችና ቆመች። አንድ ቃል ብቻ! «ማሚ» ብትል ዓለም ሁሉ ይስተካከል ነበር። ግን ከተናገረች ድምፅዋ ይታወቃል፤ ከታወቀች ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ በእጇ ያለው ደግሞ ሁለት ዓሣ ነው። ክላሪስም የልጇን የሰውነት ጠረን ታውቀዋለች፤ ግን ማንነቷን ልጇ ራሷ እንድትነግራት ፈለገች። ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ... ዳኔት የታሊያን እጅ ይዛ ያለ ሰላምታ ሄደች።

«ደህና ዋሉ» አለች ክላሪስ ከኋላቸው፣ ቀስ ብላ።

ታንቲ ዩላ ስትመለስ ጓደኛዋን እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች አገኘቻት። ቤት ሲደርሱ ብቻ «ዩላ፣ አገኘኋት። ልጄ ግን ሰላም ሳትለኝ አለፈች» አለች። ዩላ ምላሷ መርዝ ነው፤ እርግማን ልትጀምር አፏን ስትከፍት ክላሪስ በእጇ ከደነችው። «አትርገሚብኝ። አፍራ ነው።»

ዓርብ ወደ ማታ ከባድ ዝናብ ሲጥል ዳኔት መታገሥ አቅቷት ደወለች።

«ማሚ፣ እንዴት ነሽ? ዓይንሽስ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። የት ነሽ?»

«ለንደን ነዋ። ሥራው አይጣል ነው።»

ያኔ መብረቅ ጮኸ። በስልኩም፣ በጣሪያውም፣ በደቡብም፣ በሰሜንም እኩል ጮኸ። ደሴታችን ትንሽ ናት፤ አንድ ነጎድጓድ ለሁላችን ይበቃል።

«ዳኔቴ» አለች ክላሪስ በመጨረሻ፣ «ባዶ እጅሽን ነይ። የሞላ እጅ ምን ያደርግልኛል? አንቺን ማቀፍ አይችልም።» መስመሩ ተቋረጠ።

ዳኔት ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ አነባች። ሊሮይ አጠገቧ ተቀመጠና «በጠዋት ሂጂ» አላት። «አውሮፕላኑ ማታ ነው። ደርሰሽ ትታረቂያታለሽ፤ እኛ ሻንጣውን እናዘጋጃለን።» ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ተሳፈረች። ባርኔጣዋንም፣ መነጽሯንም ትታቸው ሄደች።

ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ከደጃፉ ስትደርስ፣ እንደ ልጅነቷ «ደህና አደራችሁ፣ ቤቶች!» ብላ ተጣራች። መልስ የለም። ከአጥሩ ማዶ ታንቲ ዩላ ብቅ አለች፤ አየቻት፤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ምላስ አለሽ ለካ! ገበያ ላይ ድመት በልቶብሽ መስሎኝ ነበር።»

«ታንቲ... ማሚ የት አለች?»

«አንቺ ጋ ሄደች!» የዩላ ድምፅ ተሰበረ። «የስኳር መርፌዋን ተወግታ፣ ቁርስ እንኳ ሳትቀምስ። እኔ አብሬሽ ልምጣ ብላት እምቢ አለች፤ ሰው ካየ ልጄ ታፍራለች አለች። ከዛፍሽ የመጀመሪያውን ፍሬ አስወርዳ ተሸከመች። ‹ልጄ ባዶ እጇን መምጣት ካፈረች፣ እኔ እጄን ሞልቼ ልሂድላት› አለች።»

ዳኔት ወደ ዛፉ አየች። ቅርንጫፉ ላይ ፍሬው የተቆረጠበት ቦታ ነጭ ወተት ያንጠባጥብ ነበር። ሁለቱ ሚኒባሶች ጎያቭ ከተማ ላይ ተላልፈው ነበር፤ ሾፌሮቹም እንደ ልማዳቸው በጡሩንባ ሰላም ተባብለዋል። እናትና ልጅ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ያለ ሰላምታ ተላለፉ!

ክላሪስ ከተማ ወርዳ ሌላ ሚኒባስ ያዘች፤ ከዚያም በዚያ ፀሐይ «ዔሊ ያለበት ቢጫ ቤት» እያለች መንገደኛውን ሁሉ ስትጠይቅ ረፈደ። ስኳሯ ወረደ፤ ላቧ ቀዘቀዘ። የአጥሩን ዔሊ በእጇ ዳብሳ አገኘችና እዚያው ተንሸራተተች። ሊሮይ ሮጦ ደገፋት፤ ፍሬውንም ከእጇ ተቀበላት። ታሊያ «አባዬ፣ ከረሜላ የሰጠችኝ ናት!» ብላ ጮኸች። ክላሪስ እጇን ዘርግታ ያችን ጆሮ ፈለገች።

«እናትሽስ?»

«እናቷ ጋ ሄዳለች» አለች ልጅቷ። «ምንም ሳትይዝ ሄደች።»

«ምንም ሳትይዝ?» አለች ክላሪስ። ፊቷ በራ። ሐኪም ሲደርስ ፊቷ እንደበራ ነበር፤ ትንፋሿ ግን አልነበረም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዳኔት የሰፈሩን ዓይን ፈርታ ነበርና ሰፈሩ ሁሉ በእናቷ ቀብር ቀን ዙሪያዋን ቆመ። ትኬቱ ከርካሽነቱ የተነሣ ቀን አይለወጥለትም ነበር፤ አውሮፕላኑ ያለ እነሱ ሄደ። ወረቀቱ ላይ የጻፈቻቸው ስሞች አንድ በአንድ በደጃፉ ገቡ። ጫማ የጻፈችለት ኬርቪን መቃብሩን ቆፈረ፤ ስልክ የጻፈችላት ኢንዲራ ድስቱን ጣደች፤ መዘምራኑ ሌሊቱን ቆመው አደሩ። ሁሉም «ደህና ዋልሽ፣ ዳኔት» አሏት። ምን አመጣሽ ያላት አንድም ሰው አልነበረም።

ዕጣ ፈንታ የሚሉት ይህን ይሆን? እኔ እንጃ። በአንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር የምትታይ ደሴት ላይ እናትና ልጅ መገናኘት አቅቷቸው ከቀረ፣ ዕጣን ብቻ መውቀስ ይከብደኛል። የሰው ልጅ እጁን እስኪሞላ ሲጠብቅ የሚያቅፈው ሰው ያልቅበታል።

ከቀብር መልስ ታንቲ ዩላ ሊሮይ ከቢጫው ቤት ይዞት የመጣውን ፍሬ ሲጠቁር ከእሳቱ ላይ አውጥታ ላጠችው፣ ቆረሰችው፣ በዳኔት ባዶ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ብዪ» አለቻት። «ላንቺ የተሸከመችው ነው።»