ኮላው ሳይደርቅ

ፋርማሲስቱ መሬት ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። አዲሱ መደርደሪያ ከላዩ ነው። የፈሰሰው ሽሮፕ ወለሉን አጣብቆት መርማሪዋ እግሯን ባነሳች ቁጥር ጫማዋን ይይዛል።

መደርደሪያው ከሰዓት ተተክሎ ማምሻውን ወደቀ። የሠራው አናጢ በዚያው ምሽት ታሰረ።

«የኔ ሥራ አይላቀቅም፣ እመቤቴ» አላት።

ሁሉም እንደዚያ ይላል። በቸልተኝነት ሰው ገደለ ከተባለ ግን እስሩ ብቻ አይደለም፤ ከእንግዲህ በርጩማ እንኳ የሚያሠራው አያገኝም።

በማግስቱ ስብርባሪውን አገላብጣ አየች። ኮላው በሁለቱም እንጨቶች ላይ ለየብቻው ደርቋል። በደንብ ተጣብቀው ቢሆን ኖሮ ሲላቀቁ እንጨቱ ይሰነጠቅ ነበር። አንድ ሰው ኮላው እርጥብ ሳለ እንጨቶቹን የያዘውን ሞርሳ አላልቶ፣ ሲደርቅ መልሶ አጥብቆታል።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የመደርደሪያውን ሥራ የተነጠቀውን ሌላ አናጢ ነው። ሰውዬው አልካደም። የታሰረውን አናጢ እንደሚጠላው፣ ፊት ለፊት እንደሚጠላው ነገራት። ኮላው በተቀባበት ቀን ግን እህቱን ቤት ስትቀይር ሲያግዝ እንደዋለና እዚያው እንዳደረ ጎረቤት ሁሉ መሰከረለት።

አናጢው በሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ማታ የሚቆይ ሌላ ሰው ቫርኒሽ ቀቢው ብቻ ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ «አይዞህ» ነው የሚሉት። ዕቃ የተመለሰበት፣ ትዳር የፈረሰበት ሰው ቤት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። በእሱማ እንዳትመጪ አሏት የወርክሾፑ ሰዎች። እሷም ተወችው።

የአናጢውን ሚስት እስክታነጋግር ድረስ።

«መደርደሪያው በወደቀበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ቫርኒሽ ቀቢው መጣ» አለች ሚስትየዋ። «እጄን ይዞ፣ በማንም ባለሙያ የሚደርስ ነው፣ አይዞሽ አለኝ። የምን አይዞሽ ነው ስለው ደነገጠና ወጣ።»

መደርደሪያው ጠዋት ሊተከል ታስቦ ነበር። የጭነት መኪናው ጎማ ፈንድቶ መንገድ ላይ ቀረ። እኩለ ቀን ላይ ገና መኪናው ላይ ነው፤ የወደቀ ነገር የለም።

መርማሪዋ ቫርኒሽ ቀቢውን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው።

«ላልደረሰ ነገር ለምን አጽናናሃት?»

ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ቫርኒሽ ሲፍቅ ቆየ።

«መዘግየቱን ማን ነገረኝ» አለ በመጨረሻ።

«ምን በድሎህ ነው?»

«ምንም። ሰው እንዲሞት አልፈለግኩም፤ እንዲያፍር ብቻ ነው። ሲሳካላቸው እኮ በሬን የሚያንኳኳ የለም። ሲወድቁ ግን ወንበር ይስቡልኛል፣ አጠገቤ ያለቅሳሉ። አብሬ አዝናለሁ። ሆዴ ግን ይስቃል።»

«ሁልጊዜ አንተ ነህ የምትጥላቸው?»

«ድሮ እስኪወድቁ እጠብቅ ነበር። መውደቅ ሲያቆሙ ነው እጄን ያስገባሁት።»

መርማሪዋ ቃሉን ጽፋ አስፈረመችው። ባለፈው ወር ባልደረባዋ የደከመበት ክስ ውድቅ ሲደረግ እንዴት ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ እንደወሰዳት ትዝ አላት። ወረቀቱን ቶሎ አጠፈችው።

አናጢው ተፈታ። በሩ ላይ የጠበቀችው ሚስቱ ብቻ ነበረች። ከወርክሾፑ አንድም ሰው የለም።

«ቫርኒሽ ቀቢው እስኪያዝ ድረስ በየቀኑ እየመጣ አብሮኝ ይቀመጥ ነበር» አለቻት ለመርማሪዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሌላ የመጣ ሰው የለም፣ እህቴ።»

አናጢው የሚስቱን እጅ ይዞ ቆመና መንገዱን ወዲያና ወዲህ አየ፤ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል።