ወንበሩ ላይ የተነጠፈው ወረቀት

ልብስ ሰፊው በገዛ ሱቁ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ሜትሩ እንደ ሁልጊዜው አንገቱ ላይ አለ። ከራሱ አጠገብ ያ ከባዱ የብረት ካውያ ወድቋል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ውጭ ሰው ይመላለሳል፣ የመኪና ጥሩምባ ይጮኻል። እዚህ ግን አንድ ሰው የጀመረውን እጅጌ ሳይጨርስ ሞቷል።

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ «እፎይ፣ እናቴ!» እያለች አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሬሳ አይታለች፤ ለጡረታዋ አራት ወር ቀርቷታል። አፏን ከከፈተች «ለምን?» ሳትል ስለማትዘጋ ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ሰሞኑን ግን መጠየቁም ሰልችቷታል።

የሟቹ ከንፈር ጥግ ላይ ቅርፊት የያዘች ትንሽ ቁስል አለች። ከሸሚዙ ኪስ የታጠፈ የክሊኒክ ወረቀት አወጣች፤ የሚስቱ የምርመራ ውጤት ነው። «ሄርፒስ፣ ዓይነት አንድ» ይላል። አንብባ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው። ከዚያ ዓይኗ ለደንበኛ በተቀመጠው ወንበር ላይ አረፈ። ሰፊ ቡናማ ወረቀት ተነጥፎበታል፤ መሃሉ ተጨማዷል። ሰው ተቀምጦበታል ማለት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» ስትል የሱቁን ጨርቅ ቆራጭ ጠየቀችው። ቆራጩ ከሟቹ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት የሠራ፣ ከምሳ ሲመለስ ሬሳውን ያገኘ ሰው ነው።

«ውይ! ጨርቅ የምቆርጥበት የልኬት ወረቀቴ! ሁለት ቀን የለፋሁበት! እኔም እሱም እንደ ዓይናችን ብሌን ነው የምንጠብቀው፤ ማን ነው የተቀመጠበት?»

«ወንበሩ ቆሽሾ ነበር?»

«ኧረ እኔው ነኝ ጠዋት የወለወልኩት።»

«ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«በቀን ሦስቴ» አለ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። «በአንድ ብርጭቆ ሻይ እየጠጣን ነው የምንጣላው። ሰሞኑን ግን ለጠብም ልብ አልነበረውም። ከቤቱ የሆነ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

«ከንፈሩስ?»

«እሱማ ምች ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ሥራ ሲበዛበት ይወጣበታል።»

የሟቹ ቤት ሁለት ክፍል ናት። ሚስትየው መስኮቱ ሥር ካለችው የእንጨት ወንበር ላይ ደርቃ ተቀምጣለች። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሟል። መርማሪዋ እሱን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውጭ አስወጣችና የክሊኒኩን ወረቀት አሳየቻት።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለእሱ ብቻ» አለች ሚስትየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ ‹ከየት አመጣኸው?› አልኩት። ‹ከአንቺ ሌላ ሴት አላውቅም› አለኝ። እኔም ከእሱ ሌላ ወንድ አላውቅም። ታዲያ ከሰማይ ወረደ?»

«ከዚያስ?»

«ዘጋሁት። ጠዋት ጠዋት ‹ደህና አደርሽ› ይላል፤ አልመልስለትም። ዛሬም አልመለስኩለትም።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ብቻዬን። ማን ያምነኛል?»

ልክ ናት፤ የሚያምናት አልነበረም። ወንድምየው ተመልሶ ሲገባ እሷ ውሃ ልታመጣ ተነሳች። እሱ ከመደርደሪያው ጋዜጣ ሳብ አደረገ፣ እሷ በተነሳችበት ወንበር ላይ አነጠፈ፣ ከዚያ ተቀመጠ። የሚያደርገውን ልብ ያለው አይመስልም። መርማሪዋ ግን ድካሟ ለአፍታ ለቀቃት።

«ተጣልተው እንደነበር ያውቃሉ?»

«በባልና ሚስት መሃል አልገባም» አለ ከንፈሩን እየላሰ።

«ትናንት ማታ ሟቹ ደውሎልዎታል። ስልኩ ላይ አይቻለሁ።»

«ስለ ኮቴ ነው። እንዲያጠብብልኝ ሰጥቼው ነበር።»

«እህትዎን አሟታል እንዴ?»

«እሷ? ምን ትሆናለች! ጤነኛ ናት።»

ሚስትየው ውሃውን አስቀመጠችለት፤ ብርጭቆውን በጣቱ ገፋ አድርጎ ተወው።

«ከንፈርዎን ምን ሆነው ነው?»

«ምች ነው። መንገድ ላይ ፀሐይ መታኝ።»

ማታ ከቢሮ ከመውጣቷ በፊት አለቃዋ የክሊኒኩን ወረቀት አየና እጁን አጨበጨበ። «አለቀ! በሽታ አመጣባት፣ ተናደደች፣ ገደለችው። ነገ እሰሪያትና ፋይሉን ዝጊ።»

«እስከ ነገ እኩለ ቀን ስጠኝ።»

«ለምን?»

«ጥያቄው የኔ ነው» አለች፣ ቦርሳዋንም አንስታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ሚስትየው፣ ወንድሟ፣ ቆራጩና ሚስትየውን የመረመረችው የክሊኒክ ሐኪም። አለቃው በሩን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። መርማሪዋ የልኬት ወረቀቱን ወንበሩ ላይ መልሳ ዘረጋችው።

«ገዳዩ እዚህ ላይ ተቀምጦ ነበር» አለች። «ንጹሕ ወንበር ላይ ወረቀት የሚያነጥፍ ሰው አንድ ነገር ፈርቷል። ምን ፈራ? በሽታ። እመቤት፣ ትፈቅጂልኛለሽ? ልናገር?»

ሚስትየው በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ሚስትየው በሽታው አለባት፤ ከባሏ ወንበር ምን ትፈራለች? ቆራጩ ደግሞ ከሟቹ ጋር በአንድ ብርጭቆ የሚጠጣ ነው፤ ስለ በሽታውም አያውቅም፤ ቢያውቅም የገዛ ልፋቱን አያነጥፍም። ትናንት ግን ሌላ ሰው እህቱ በተነሳችበት ወንበር ላይ ጋዜጣ ሲያነጥፍ አይቻለሁ። ያቀረበችለትን ብርጭቆ አልነካም። አሟታል ወይ ስለው ‹ጤነኛ ናት› አለኝ። ጤነኛ ከሆነች ታዲያ እርስዎ ለምን ፈሯት? ማንስ ነገረዎት? እሷ ለባሏ ብቻ ነው የተናገረችው። ባሏ ደግሞ ከመሞቱ በፊት በነበረው ማታ ለእርስዎ ደወለ።»

ሹፌሩ ብድግ አለ፤ መልሶ ተቀመጠ። ቆራጩ «አንተ!» ብሎ ሊያንቀው ሲል አለቃው ያዘው።

«ያዋረዳት እሱ ነው!» ሲል ሹፌሩ ጮኸ። «ሴሰኛ! በሽታ ለቅሞ አምጥቶ እህቴ ላይ! ፊት ለፊቴ ቆሞ ‹የትም አልሄድኩም› ይለኛል። ካውያው እጄ ላይ ነበር...»

«ዶክተር» አለች መርማሪዋ በደከመ ድምፅ፣ «እስቲ ያስረዱት።»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «ይህ ቫይረስ አንዴ ከገባ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ዓመታት ይቆያል። ሲደክመን፣ ሲያመን ይነሳል። ከንፈር ላይ ሲወጣ ምች እንለዋለን፤ ፀሐይ መታኝ እንላለን። ፀሐይ ትቀሰቅሰው ይሆናል እንጂ አታመጣውም። ምች ያለበት ሰው በአፉ የነካው ላይ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ከንፈር ላይ ብቻ ሳይሆን ባልና ሚስት በሚያውቁት ሌላ ቦታም። ቁስል ሳይታይም አንዳንዴ ይተላለፋል። ስለዚህ በሽታው ዛሬ ስለተገኘ ብቻ አንዱ ማግጧል ማለት አይቻልም። ወንበርማ አያስተላልፍም። ሁለቱም አብረው ቢመጡ ኖሮ ይሄንን እነግራቸው ነበር፤ ቁስል ሲኖር ትቆያላችሁ፣ ኮንዶም አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ትኖራላችሁ ብዬ።»

«ሟቹ ከልጅነቱ ምች ነበረበት» አለች መርማሪዋ። ወደ ሹፌሩ ዞረች። «የእርስዎስ ከንፈር?»

ሹፌሩ እጁን ወደ ከንፈሩ ላከ። ቁስሉን ዳበሰው። «ይሄ... ይሄማ ምች ነው» አለ፤ ድምፁ ግን መሃል ላይ ሞተበት።

ሚስትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «ለምን ነበር የጠራህ?»

ሹፌሩ አቀረቀረ። «‹ታላቅ ወንድሟ ነህ፣ እንዳንተ የምትሰማው የለም፣ አስታርቀን› ብሎኝ ነው።»

ሲወስዱት እጁን ከከንፈሩ ላይ አላነሳም። አለቃው ጉሮሮውን ጠረገና ተከተላቸው። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆመች።

ሚስትየው ወደ ስፌት መኪናው ሄደች። ያላለቀው እጅጌ መርፌው ሥር እንደተያዘ ነው። በእጇ ጨርቁን አስተካከለችው፤ ባሏ ይቀመጥበት በነበረው በርጩማ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ደህና አደርክ» አለች።